የካካዎ ገበሬን የሚያነሳሳው የቱ ነው? ሥልጠና፣ ፕሪሚየም፣ ችግኝ ወይስ የዛፍ ባለቤትነት

በጋና የካካዎ አገር አንድ ገበሬ ማሳው መሃል ኦዱም የተባለው ዛፍ በራሱ በቅሎ ሲያገኝ ብዙ ጊዜ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው። ጎንበስ ይልና በገጀራው ከሥሩ ይመነግለዋል። ዛፉ ከፍ ብሎ ከሆነም ቅርፊቱን ዙሪያውን ልጦ ቆሞ እንዲደርቅ ይተወዋል። ኦዱም ለጣውላ የሚፈለግ ውድ እንጨት ነው፤ ቢያድግ ደግሞ ለካካዎው ጥሩ ጥላ ይሆናል። ጎረቤቶቹ ግን ሲቆርጠው ቢያዩ አይገረሙም። በጋና ሕግ በራሱ የበቀለ የጣውላ ዛፍ የመንግሥት ነው። ዛሬ ያሳደገውን ዛፍ ነገ ፈቃድ የያዘ እንጨት ቆራጭ መጥቶ ይጥለዋል፤ ግንዱ ሲወድቅም ሥሩ ያሉትን የካካዎ እግሮች ጨፍልቆ ነው።

ለዚህ ሰው ስለ ጥላ ዛፍ ጥቅም ሦስት ቀን ሥልጠና ብንሰጠው ምን እንነግረዋለን? ጥቅሙን ከኛ በላይ ያውቀዋል።

ይህ ጽሑፍ ገበሬን ወደ ዘላቂ አመራረት ለማምጣት በጀት ተሰጥቷቸው በየት በኩል እንደሚያወጡት ለሚያስቡ ነው፤ የፕሮጀክት ሠራተኛ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር ኃላፊ ወይም ከአምራቹ ጋር በቀጥታ ለመሥራት የሚፈልግ ቸኮሌት ሠሪ ሊሆን ይችላል። እኔ የመጣሁት ከቡና ነው፤ ስለዚህ አልፎ አልፎ ወደ ቡና ብመለስ አይፈረድብኝ። ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚበዛው በሁለት አገር ነው። ኮትዲቯርና ጋና ከዓለም ካካዎ ግማሽ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ ያመርታሉ። አብዛኛው ገበሬ ከ2 እስከ 5 ሄክታር አለው፤ ከሄክታር የሚያገኘው ደግሞ ከ350 እስከ 500 ኪሎ የደረቀ ፍሬ ነው። 3 ሄክታር ያለውንና ከሄክታር 450 ኪሎ የሚያገኘውን ሰው እንውሰድ። ዓመቱን ሙሉ ለፍቶ የሚሸጠው 1,350 ኪሎ ነው። ከዚህ በታች የማነሳውን አማራጭ ሁሉ በዚህ ሰው ትከሻ ላይ እያሳረፍኩ እመዝነዋለሁ።

ሥልጠና

ሥልጠና ርካሽ ነው፣ ለሪፖርትም ይመቻል። ስንት ወንድ፣ ስንት ሴት እንደተገኘ በአቴንዳንስ ይቆጠራል፤ ፕሮጀክት ሁሉ ከእሱ የሚጀምረውም ለዚህ ይመስለኛል። ይህን ስል ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም። ዓይን የማያየውን ነገር የሚያሳየው እሱ ነው። የካካዎን ቅርንጫፍ የሚያሳብጠው ስዎለን ሹት የተባለው የቫይረስ በሽታ ነጭ ዱቄት የተነፋባት በምትመስል ትንሽ ተባይ ይተላለፋል፤ የካፖክና የኮላ ዛፍም ቫይረሱን ይሸከማሉ። እነዚህን ለጥላ ብሎ የሚያቆይ ገበሬ በሽታውን ጎኑ አስቀምጦ ይኖራል። ይህን ካልነገሩት በራሱ አያገኘውም። ጠቁሮ የበሰበሰውን ፍሬ ቶሎ ቶሎ ለቅሞ ማውጣት፣ የተፈለቀቀውን ፍሬ በሙዝ ቅጠል ሸፍኖ ስድስት ቀን ያህል ማብላላት፣ ከግንዱ ቀጥ ብሎ የሚወጣውን ጥገኛ ቡቃያ መቁረጥ፣ እነዚህም በሥልጠና የሚገኙ ናቸው።

ሥልጠናውን ከመረጡ ከአዳራሽ ያውጡት። የአንዱን ገበሬ ማሳ ለሁለት ከፍሎ ግማሹን መግረዝ፣ ግማሹን እንዳለ መተው፣ ለቀማ ሲደርስ ሁሉም ቆሞ ፍሬውን በየእግሩ መቁጠር ነው። ከዚያ በኋላ ክርክሩን የሚጨርሱት ገበሬዎቹ ራሳቸው ናቸው።

ሥልጠና የሚሸነፈው ሥራው ጉልበት ሲጠይቅ ነው። ካካዎ በ3 ሜትር በ3 ሜትር ሲተከል በሄክታር 1,111 እግር ይሆናል፤ የእኛ ሰው 3,333 እግር መግረዝ አለበት ማለት ነው። ልጆቹ ኩማሲ ወይም አክራ ከተማ ገብተዋል፤ አንዱ ደግሞ ጋላምሴ ከሚሉት ሕገ ወጥ የወርቅ ቁፋሮ ላይ ነው፤ ወርቅ በቀን የሚከፍለውን ካካዎ አይከፍልም። በአካን ሕዝብ ዘንድ ኖቦአ የሚባል ልማድ አለ፤ የኛ ደቦና ወንፈል ማለት ነው። እሱም ወጣት ካልኖረ አይቆምም። ስለዚህ ያው ገንዘብ ካለ ገበሬውን ደጋግሞ ከማሠልጠን ይልቅ የሰፈሩን ወጣቶች መግረዝ አስተምሮ፣ መቀስና መጋዝ አስይዞ፣ ለሠሩት ክፍያውን ከገበሬው ጋር መጋራት ይበልጣል። ሥራው ይሠራል፤ ወጣቱም ደመወዝ ያገኛል።

ፕሪሚየምና የምስክር ወረቀት

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ይህን ነው። ገበሬው ደረጃውን ጠብቆ ያመርታል፣ ኦዲተር አይቶ የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል፣ ገዢው ከዋጋው በላይ ፕሪሚየም የሚባል ጭማሪ ይከፍላል። ሒሳቡን ግን ቁጭ ብሎ የሚሠራ ጥቂት ነው።

የምስክር ወረቀት ሰጪው ሬይንፎረስት አሊያንስ በ2018 ከሌላው ሰጪ ከዩቲዜድ ጋር ከተዋሐደ በኋላ ለካካዎ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ጭማሪ በቶን 70 ዶላር ነው። የእኛ ሰው 1.35 ቶን ሁሉ በምስክር ወረቀት ቢሸጥለት በዓመት 94 ዶላር ከ50 ሳንቲም ያገኛል። ለ3,333 እግር ሲካፈል ለአንድ እግር ሦስት የአሜሪካ ሳንቲም አይሞላም። ለዚህ ብሎ መግረዝ፣ መዝገብ መያዝና ጸረ ተባይ ማስቀመጫ ሳጥን ማዘጋጀት ይጠበቅበታል። ማኅበሩ ምርቱን በሙሉ በዚያ ገበያ ካልሸጠው ደግሞ፣ ግማሹን ብቻ ከሸጠ፣ ገንዘቡ ወደ 47 ዶላር ይወርዳል።

ሌላው ምስክር ሰጪ ፌርትሬድ ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ገዢውን የሚያስከፍለው ፕሪሚየም በቶን 240 ዶላር ነው፤ በእኛ ሰው ምርት ላይ 324 ዶላር ይሆናል። ይህ ገንዘብ ግን ኪሱ አይገባም። ለማኅበሩ ይከፈላል፤ አጠቃቀሙን ጠቅላላ ጉባኤው ይወስናል። የውሃ ጉድጓድ፣ ትምህርት ቤት፣ ገጀራ፣ ወይም የዓመት መጨረሻ ክፍፍል ሊሆን ይችላል። እንደ ቡና ዩኒየኖቻችን ሁሉ እዚህም ወሳኙ የማኅበሩ ጤንነት ነው። በጋና በ1993 የተመሠረተው የገበሬዎች ማኅበር ኩዋፓ ኮኮ ስሙ በትዊ ቋንቋ ጥሩ የካካዎ ገበሬ እንደማለት ነው፤ ከመነሻው ገበሬ የሚወደው አንዱ ነገር ሚዛኑን የሚይዘው ከራሱ መንደር የተመረጠ ሰው መሆኑ ነበር። ሚዛን ላይ የተሰረቀ ገበሬ በቶን 70 ዶላር አይታረቅም።

ሌላው ድክመት የዋጋ መዋዠቅ ነው። በታኅሣሥ 2024 በኒውዮርክ የካካዎ ዋጋ በቶን ከ12,000 ዶላር አልፎ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ከግማሽ በታች ወረደ። እንዲህ ባለ ወቅት 70 ዶላር የሚያስታውሰው የለም። ድንበር ተሻግሮ የሚሸጥ፣ ወይም በጥሬው ለሚከፍል ነጋዴ የሚሰጥ ይበዛል፤ ማኅበሩ ዓመቱን ሙሉ የያዘውን መዝገብ ይዞ ይቀራል።

ስለዚህ ፕሪሚየምን ከመምረጥዎ በፊት የማኅበሩን ሥራ አስኪያጅ ባለፈው ወቅት ከምርቱ ስንት በመቶው በምስክር ወረቀት እንደተሸጠ ይጠይቁት። ከርክክብ እስከ ክፍያ ስንት ሳምንት እንደፈጀ፣ የኦዲቱን ወጪ ማን እንደሸፈነም አይተዉ። መልሱ ከተንዛዛ ሌላ አማራጭ ይዩ።

ዋጋውን ራሱን ከፍ ማድረግ

ይህ ለአንድ ማኅበር ወይም ለአንድ ፕሮጀክት የሚመች ምርጫ ስላልሆነ አልቆይበትም። ኮትዲቯርና ጋና ከ2020/21 ምርት ዘመን ጀምሮ በቶን 400 ዶላር የኑሮ ገቢ ጭማሪ ጠይቀዋል። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ገዢዎች ግን ለሁለቱ አገሮች ምርት ጥራት ይከፍሉት የነበረውን ሌላውን ጭማሪ ቀነሱ፣ አንዱ በገባበት ሌላው ወጣ። ደን ዳር ላለ ገበሬ ዋጋ ብቻውን መጨመር ደግሞ ሌላ መዘዝ አለው። አዲስ የተመነጠረ ደን አፈሩ ለም ነው፣ አረሙ ትንሽ ነው፣ በሽታው ገና አልገባበትም። ያረጀውን ነቅሎ ከመትከል ደን ገብቶ መትከል ይረክሳል። ከመቶ ዓመት በፊት 16 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ የነበረው የኮትዲቯር ደን ወደ 3 ሚሊዮን የወረደው በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው።

ችግኝና ማዳበሪያ ማደል

ቡና ላይ ሳለሁ በሠራሁበት አንድ ፕሮጀክት፣ ስሙ ይቅርና፣ ለጥላ ብለን የግራቪሊያ ችግኝ አደልን። መኪናው የደረሰው ዝናቡ ሊያባራ ሲል ነው። ለየቤቱ መቶ መቶ ችግኝ አወረድንና አስፈርመን ሄድን። በጥር ተመልሰን ስናይ ጥቁሩ ፕላስቲክ ከነአፈሩ አጥር ሥር ተደርድሯል፤ ችግኙ እንደ ክብሪት እንጨት ደርቋል። የቤቱ እናት ቡና አፍልተው ተቀበሉን። አልተቆጡም። «ልጄ፣ ዋንዛ ብታመጣልኝ የት እንደምተክለው አውቅ ነበር» አሉኝ። ሪፖርታችን ላይ ያ ሁሉ ችግኝ «ተተክሏል» ተብሎ ገብቶ ነበር።

ካካዎ ላይም ያው ነው። የጋናው ካካዎ ቦርድ፣ ኮኮቦድ፣ የሚመክረው የጥላ ዛፍ ብዛት በሄክታር ከ15 እስከ 18 ነው። ለእኛ ሰው 50 ዛፍ ይበቃዋል ማለት ነው። ሁለት መቶ ችግኝ ያደለ ፕሮጀክት ከመነሻው አልቆጠረም። ጥላ ከበዛ እርጥበቱ ይታመቅና ፍሬ የሚያጠቁረው በሽታ ይነግሣል፤ ገበሬውም ያን ስለሚያውቅ ትርፉን አይተክለውም። ችግኝ የሚያድሉ ከሆነ ዝርያውን እሱ ይምረጥ፣ ቁጥሩ ትንሽ ይሁን፣ ክፍያውም በርክክብ ቀን ሳይሆን ሐርማታን የሚሉትን ደረቅ ነፋስ ሁለቴ አልፎ በሕይወት ላለ ዛፍ ይሁን።

ማዳበሪያና ጸረ ተባይ በመንግሥት ሲታደል ችግሩ ሌላ ነው። ጋና ከ2001 ጀምሮ ካካዎን በመንግሥት ቡድን በነጻ ታስረጫለች። ምርት እንዲጨምር ረድቷል። ገበሬው ግን ቡድኑ እስኪመጣ መጠበቅ ለመደ፤ ቡድኑ ደግሞ ተባዩ ባለበት ሳምንት አይደርስም። በነጻ የታደለ ማዳበሪያም ድንበር ተሻግሮ ገበያ ላይ የታየበት ጊዜ አለ።

ያረጀውን ነቅሎ መትከል

ስዎለን ሹት የያዘው ካካዎ መድኃኒት የለውም፤ ይቆረጣል። ጋና በሽታውን ካወቀችው ከ1930ዎቹ ወዲህ በመቶ ሚሊዮን የሚቆጠር እግር ቆርጣለች። አዲሱ ችግኝ ፍሬ መስጠት የሚጀምረው በሦስተኛው ዓመት አካባቢ ነው። ገበሬው የሚጠይቀውም ይህን ነው፤ እስከዚያ ምን እበላለሁ?

መልሱ ፕላንቴን ነው፣ የሚቀቀለው ሙዝ። በካካዎው ችግኝ መሃል ተተክሎ በዓመቱ ያፈራል፣ ለችግኙም ጥላ ይሆነዋል። ከሥሩ ጎደሬና ካሳቫ ይገባል። ይህ የገበሬው ጥንታዊ ዘዴ ነው፣ ፕሮጀክት አላመጣውም። ፕሮጀክት የሚጨምረው የጉልበቱን ወጪና ክፍተቱን የሚሞላ ገንዘብ ነው። በጋናው የመልሶ ማልማት ፕሮግራም መንግሥት የታመመውን አስቆርጦ፣ አስተክሎና ተንከባክቦ ለገበሬው አስረክቧል፤ ካሳውንም ለባለ መሬቱና ለአራሹ ለየብቻ ከፍሏል። ውድ ነው። ግን ካካዎው ለታመመበት ሰው ከዚህ ሌላ ምርጫ ያለ አይመስለኝም፤ ፕሪሚየምና ሥልጠና ለሚሞት ዛፍ አይሆኑም።

ለባለ መሬቱና ለአራሹ ለየብቻ መከፈሉ ወደሚቀጥለው ያስገባኛል።

መሬቱና ዛፉ የማን ነው

በጋና አቡሳና አቡኑ የሚባሉ ውሎች አሉ። አማርኛ ተናጋሪ ሲሰማቸው አይቸገርም፤ አቡሳ ሲሶ ነው፣ አቡኑ እኩል። በአቡሳ ካካዎውን የሚንከባከበው ሰው ሲሶውን ይወስዳል። በአቡኑ ደግሞ መጤው ገበሬ ባዶ መሬት ተቀብሎ ካካዎውን ያቆማል፤ ማፍራት ሲጀምር እርሻውን ወይም ምርቱን ከባለ መሬቱ ጋር እኩል ይካፈላል። ውሉ ብዙ ጊዜ በቃል ነው፤ በብዙ ቦታም መብቱ የሚቆየው ካካዎው ቆሞ እስካለ ነው። ዛፉ ከተነቀለ ባለ መሬቱ «በል መሬቴን» ሊል ይችላል።

እንግዲህ አርባ ዓመት የሞላውን፣ ፍሬው የነጠፈውን ካካዎ ለምን አትነቅልም ብለን የምንወቅሰው ሰው፣ ያ ያረጀ ዛፍ የመሬት ደብተሩ ነው። እየሳቀ ሰምቶን አይነቅለውም።

በኮትዲቯር መልኩ ይለያል። በ2014 የወጣው የደን ሕግ የዛፉን ባለቤትነት ለመሬቱ ባለቤት ሰጠ። በወረቀት ከጋናው የተሻለ ነው። ነገር ግን በ1998ቱ ሕግ የገጠር መሬት ባለቤት መሆን የሚችለው የአገሩ ዜጋ ብቻ ነው፤ ካካዎውን ከሚያለሙት መሃል ደግሞ ከቡርኪና ፋሶ የመጡና ልጆቻቸው ብዙ ናቸው። ጋና ውስጥም ከ2002 ወዲህ ሰው የተከለው የጣውላ ዛፍ የተከለው ሰው ነው። በራሱ ከበቀለው ለይቶ «ይህን እኔ ነኝ የተከልኩት» ብሎ ማስረዳት ግን የገበሬው ዕዳ ነው።

እዚህ ላይ ፕሮጀክት ሊሠራ የሚችለው ሥራ ትንሽና አሰልቺ ነው። የቃሉን ውል በምስክር ፊት በወረቀት ማስፈር፣ ካካዎው ቢነቀልና ቢተከል ውሉ እንደሚቀጥል አንዲት ዓረፍተ ነገር ማስገባት፣ የተተከለውን ዛፍ ፎቶና ጂፒኤስ ይዞ ማስመዝገብ ነው። የምርቃት ሪባን አይቆረጥበትም። በእኔ ግምት ግን ከሁሉም አማራጮች በአንድ ብር ብዙ የሚያሠራው ይህ ነው፤ ሌሎቹ ሥር የሚይዙትም እሱ ካለ ነው።

ለተሠራ ሥራ ጥሬ ገንዘብ

ቸኮሌት ሠሪው የምግብ ኩባንያ ኔስሌ በ2022 ያስተዋወቀው ዘዴ ከፕሪሚየም የሚለየው ክፍያው በኪሎ አለመሆኑ ነው። ልጅ ትምህርት ቤት ለገባበት፣ ካካዎ ለተገረዘበት፣ የጥላ ዛፍ ለተተከለበት፣ ሌላ የገቢ ምንጭ ለተጨመረበት ለየአንዳንዱ 100 ዩሮ፣ አራቱም ከተሟሉ ሌላ 100፤ በድምሩ በዓመት እስከ 500 ዩሮ ለሁለት ዓመት፣ ከዚያ 250። ገንዘቡ በሞባይል ይገባል፤ ግማሹ በሚስት ስም ነው።

ከላይ ካሰላነው 94 ዶላር ጋር ያስተያዩት። በኪሎ አለመሆኑ ደግሞ ትንሽ ማሳ ያለውን ይጠቅማል፤ ፕሪሚየም ብዙ ላለው ብዙ ይሰጣል። ግማሹ ለሚስት መሆኑን እኔ ከሁሉ በላይ ወድጄዋለሁ፤ የቡና ገንዘብ ከገበያ ቤት ሳይደርስ የት እንደሚቀር ያየ ሰው ምክንያቱን አይጠይቀኝም። ድክመቱ ገንዘቡ ሲያበቃ መግረዙ አብሮ ሊያበቃ መቻሉ ነው። መግረዝ ራሱ ምርት ስለሚጨምር ሊዘልቅ ይችላል፤ ጥላ ዛፉ ግን ባለቤትነቱ ካልተፈታ ክፍያው በቆመ ማግስት ገጀራው ይመለሳል።

የአውሮፓው ደንብ

ይህኛው ማነሳሻ አይደለም፣ በር መዝጊያ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያወጣው ደንብ ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ከተመነጠረ ደን የመጣ ካካዎ፣ ቡና፣ ጎማ፣ የፓልም ዘይትና ሌላም እንዳይገባ ይከለክላል። ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ሁለቴ ተራዝሟል። እስከ 4 ሄክታር ያለው ማሳ በአንዲት ጂፒኤስ ነጥብ ይመዘገባል፤ ከዚያ በላይ የሆነ ዙሪያው ይለካል። ከቡናችን ትልቅ ድርሻ የሚገዛው አውሮፓ ስለሆነ ጅማም ይርጋጨፌም ይህን ያውቁታል። ልኬቱን የሚሠራ ሰው ማሳው ድረስ መሄዱ አይቀርም፤ አንድ ጊዜ ከሄደ ዛፎቹንም አብሮ መዝግቦ ይመለስ። ሁለት ሥራ በአንድ የነዳጅ ወጪ ነው።

እንግዲህ የቱን?

ካካዎው ታሞ ከሆነ ነቅሎ መትከልን ይምረጡ፤ ከአራሹም ከባለ መሬቱም ጋር ውል ሳይጻፍ ግን አንድ እግር አይቁረጡ። ካካዎው ጤነኛ ሆኖ ችላ ከተባለ የመግረዝ ቡድን ያዋጣል፤ ሥልጠናው ለቡድኑ ይሁን። ማኅበሩ የታመነ፣ ገዢውም ለብዙ ዓመት የተፈራረመ ከሆነ ፕሪሚየም ጥሩ ተጨማሪ ነው፣ ብቻውን ግን አይበቃም። መንደሩ ደን ዳር ከሆነ በኪሎ ከሚከፈል ነገር ሁሉ ይራቁና ለተሠራ ሥራ ይክፈሉ።

ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ ቢበቃስ ያሉኝ እንደሆነ፣ 50 ችግኝ እገዛለሁ፤ ገበሬው ራሱ የመረጠውን፣ ዝናቡ ሲጀምር። በተተከለ ሳምንት የየአንዳንዱን ቦታ አስመዝግቤ የተፈረመውን ወረቀት እሱ ቤት አስቀምጣለሁ። ከዚያ ሁለተኛው ሐርማታን ሲያልፍ ተመልሼ አብረን እየዞርን እንቆጥራለን፤ ለቆመው ሁሉ እከፍለዋለሁ።